ሐኪሙ ስልኩን ለምን ይነካካል?
ስለ ኩላሊት ስሌት እና ስለ ሕክምና ማስያዎች



ከብዙ ቤተሰብ የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ። እናታቸውን ወይም አባታቸውን ይዘው ክሊኒክ የሄዱ ልጆች ሲመለሱ «ሐኪሙ የላቦራቶሪውን ወረቀት አየና ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ፤ እኛ ፊቱ ተቀምጠን እሱ ስልክ ያያል» ይላሉ። አንዳንዱም «ዕውቀቱ ቢኖረው ኖሮ ስልክ ምን ያደርግለታል?» ሲል ይጨምርበታል።

ስልኩን የሚያወጣ ሐኪም ሁሉ ለሥራ ነው የሚያወጣው ብለን አንከራከርም። ይሁን እንጂ በብዙ አጋጣሚ ሐኪሙ እየሠራ ያለው ስሌት ነው። ይህ ስሌት የእናትዎ መድኃኒት ስንት ሚሊግራም እንደሚሆን፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚወሰድ፣ አንዳንዴም ጭራሽ መሰጠት እንዳለበትና እንደሌለበት የሚወስን ነው። ወደ ስሌቱ ከሚገቡት ቁጥሮች ውስጥ ከላቦራቶሪ የሚመጣው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት፣ ማለትም ዕድሜና ክብደት፣ ብዙውን ጊዜ ከታካሚው ወይም ካስታማሚው አፍ የሚወጡ ናቸው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ስሌት ምን እንደሆነ፣ ሶፍትዌሩ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፣ እርስዎም ከጎኑ ተቀምጠው ምን ማድረግ እንደሚችሉ እንመለከታለን። ስሌቶቹ ብዙ ቢሆኑም ለምሳሌ የምንወስደው አንዱን፣ የኩላሊትን ስሌት ነው። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ያለበትን ቤት ሁሉ የሚነካ በመሆኑ ነው የመረጥነው።

አንድ ቁጥር፣ ሁለት ሰዎች

በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ «ክሬያቲኒን» የሚል መስመር አይተው ይሆናል። ክሬያቲኒን ጡንቻዎቻችን በየቀኑ ከሚሠሩት ሥራ የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው። ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊት ደግሞ ከደም አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ኩላሊት ሲደክም የማጣራት ሥራው ስለሚቀንስ ክሬያቲኒን በደም ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኩላሊት ደክሟል ብለን እንጠረጥራለን።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በደም ውስጥ ያለው ክሬያቲኒን በኩላሊት ብርታት ብቻ ሳይሆን በጡንቻ ብዛትም ይወሰናል። ጡንቻው የበዛ ሰው ብዙ ያመነጫል፤ ጡንቻው የሟሸሸ ጥቂት ያመነጫል።

አንድ የ25 ዓመት ወጣት ወንድ እንውሰድ። ክብደቱ 75 ኪሎ፣ ክሬያቲኒኑ 1.2 ነው። ከእርሱ ጎን የ70 ዓመት እናት ተቀምጠዋል። ክብደታቸው 50 ኪሎ ሲሆን ክሬያቲኒናቸው እንደ ወጣቱ 1.2 ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ይህን ቁጥር ከጤነኛው ወሰን ውስጥ ወይም ከጠርዙ ላይ ስለሚያስቀምጡት በወረቀቱ ላይ የሚያስደነግጥ ምልክት ላይኖር ይችላል። በቀመር ሲሰላ ግን የወጣቱ ኩላሊት በደቂቃ ወደ 100 ሚሊሊትር ደም ከክሬያቲኒን የማጽዳት አቅም አለው። የእናታችን 34 ነው። ወረቀቱ ላይ አንድ ሆነው የታዩት ሁለት ሰዎች በእርግጥ አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ያህል ነው የሚያጣራው። ለወጣቱ የታዘዘውን የአንቲባዮቲክ መጠን እንዳለ ለእናታችን ብንሰጥ መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ሳይወጣ ሌላው ይጨመርበታል፤ እየተከማቸም ይሄዳል። ጄንታማይሲን የተባለው መርፌ በዚህ ዓይነት ሲከማች ኩላሊትን ይባስ ይጎዳል፤ ጆሮንም እስከማደንቆር ይደርሳል።

ቀመሩ ከየት መጣ?

ከላይ የሠራንበት ቀመር እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ ሲሆን በሁለቱ ደራሲዎቹ ስም «ኮክሮፍት-ጎልት» ይባላል። ዶናልድ ኮክሮፍትና ሄንሪ ጎልት በካናዳ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች ናቸው። ስሌቱ ማንም አራተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ሊሠራው የሚችል ነው። ከ140 ላይ ዕድሜን ይቀንሱ፤ የቀረውን በኪሎ ክብደት ያባዙ፤ ያገኙትን ደግሞ ክሬያቲኒን በ72 ተባዝቶ በሚሰጠው ቁጥር ያካፍሉ። ታካሚዋ ሴት ከሆነች ውጤቱን በ0.85 ያባዙ።

ለእናታችን ሲሠራ፦ 140 ሲቀነስ 70፣ እኩል ይሆናል 70። በ50 ኪሎ ሲባዛ 3500። 72 በ1.2 ሲባዛ 86.4። 3500 ለ86.4 ሲካፈል 40.5፤ በ0.85 ሲባዛ 34.4። ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ቀመሩ የተሠራው በ249 ሕመምተኞች ላይ ሲሆን እነርሱም ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ለሴት በ0.85 ይባዛ የተባለው በብዙ ሴቶች ላይ ተለክቶ ሳይሆን የሴት ጡንቻ ከወንድ እንደሚያንስ ታስቦ ነው። ይህ ቀመሩን ውድቅ አያደርገውም፤ ወደ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አገልግሏል። ሆኖም ማንኛውም ቀመር ከተሠራባቸው ሰዎች ርቆ ሲሄድ ትክክለኛነቱ እየሳሳ እንደሚመጣ ከወዲሁ ማወቁ ይጠቅማል። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ሶፍትዌር ምን ያስፈልጋል? መልሱ የወረፋው ርዝመት ነው። ከጧት ጀምሮ ስልሳና ሰባ ሰው ያየ ሐኪም ሰባኛው ታካሚ ላይ በብዕር ሲያባዛ ነጥቧን ቢያሳስት አይደንቅም። ደግሞም ቀመሩ አንድ አይደለም። ለልብ፣ ለሳንባ፣ ለጉበት፣ ለደም መርጋት፣ ከአደጋ በኋላ ራሱን ለሳተ ሰው የንቃት መጠን፣ ለእያንዳንዱ የየራሱ ቀመርና ነጥብ አለ። ቀድሞ ሐኪሞች በጋዋናቸው ኪስ ትንሽ መጽሐፍ ይዘው ይዞሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን በአሜሪካ በድንገተኛ ሕክምና የተሠማሩት ግራሃም ዎከርና ጆ ሃቡሽ «ኤምዲካልክ» የተባለውን የሕክምና ማስያ ጀመሩ። ለሐኪሞች በነፃ የሚቀርብ ሲሆን በስልክም ይሠራል። ዛሬ ብዙ መቶ ቀመሮችን ይዟል። በየቀመሩ ሥር መቼ መጠቀም እንደሚገባ፣ የት ላይ እንደሚያሳስት፣ በምን ጥናት እንደተደገፈ ተጽፏል። ለኔ ከስሌቱ ይልቅ ይህ ጽሑፍ ይበልጥብኛል። ማባዛትን ማንኛውም ማሽን ይሠራል፤ «ይህ ቀመር ለነፍሰ ጡር አይሆንም» ብሎ የሚያስታውስ ጓደኛ ግን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ በጤና ጣቢያ ብቻውን ላለ ሐኪም ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ማስያው የማይጠይቀው

ማስያው የገባለትን ቁጥር ያሰላል፤ ቁጥሩ እውነት መሆኑን አይጠይቅም። ትልቁ ስሕተት የሚመጣውም ከማባዛትና ከማካፈል ሳይሆን ከዚህ ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ ክብደት ነው። «ስንት ኪሎ ናቸው?» ሲባል ልጅ በግምት «ስልሳ አምስት ይሆናሉ» ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት እንደዚያ ነበሩ። እናታችን 50 ኪሎ ሆነው ሳለ 65 ተብሎ ቢገባ ውጤቱ 34 መሆኑ ቀርቶ 45 ይሆናል። ኩላሊታቸው አንዲት ነጥብ ሳይሻሻል በወረቀት ላይ ተሻለ ማለት ነው። ስለዚህ ሚዛን ላይ ይውጡ፤ ጫማ አውልቀው፣ ከባድ ልብስ ቀንሰው በዚያው ቀን ይመዘኑ። እግራቸው ወይም ሆዳቸው ውኃ ይዞ ያበጠ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ያ ክብደት ውኃ እንጂ ጡንቻ አይደለም።

በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን በቤታችሁ ያለው ሚዛን በፓውንድ ነው። 50 ኪሎ 110 ፓውንድ ነው። ፓውንዱ ኪሎ ተብሎ ቢገባ ውጤቱ 76 ይመጣል። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡበት። 76 ጥሩ ቁጥር ነው፤ ማንንም አያስደነግጥም፤ ሐኪሙም «ለዕድሜያቸው ደህና ነው» ብሎ ሙሉውን መድኃኒት ያዛል። ከስሕተት ሁሉ የሚያስፈራው እንዲህ ያለው፣ ትክክል መስሎ የሚያልፈው ነው። በሕፃን ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የሕፃን ሽሮፕ የሚሰላው በኪሎ ነውና ፓውንድ እንደ ኪሎ ከተወሰደ ልጁ ከሁለት እጥፍ በላይ መድኃኒት ይጠጣል።

ሁለተኛው የላቦራቶሪው መለኪያ ነው። በአገራችንና በአሜሪካ ክሬያቲኒን በብዛት የሚጻፈው ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን በማይክሮሞል በሊትር የሚጽፉ ብዙ ላቦራቶሪዎች አሉ። የእናታችን 1.2 በዚያኛው መለኪያ 106 ነው። ከጅዳ ወይም ከዱባይ በመጣ ወረቀት ላይ 106 አይተው «ከ1.2 ወደ 106 ወጣ!» ብለው የተደናገጡ አይጠፉም። የወጣ ነገር የለም። ማይክሮሞሉን ለ88.4 ቢያካፍሉት ሚሊግራሙን ያገኛሉ። ይህ ስሕተት ግን እንደ ፓውንዱ አይደበቅም፤ 106 ሚሊግራም ተብሎ ቢገባ ማስያው ከአንድ በታች የሆነ ውጤት ስለሚያወጣ ሐኪሙ ወዲያው ይነቃል። ለማንኛውም ወረቀቱን እንጂ በቃል የተያዘ ቁጥር ይዘው አይሂዱ።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው፤ ይህ የኛው የራሳችን ጣጣ ነው። አንዲት እናት በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ እንበል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን 1955 ወይም 1956 ነው። በውጭ አገር ሆስፒታል ልጃቸው «1948» ብሎ ቢናገርና ኮምፒውተሩ እንዳለ ቢመዘግበው እናትየው በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃሉ። ሰባ የነበሩት 78 ቢባሉ ስሌቱ ከ34 ወደ 30.5 ይወርዳል። 30 ለብዙ መድኃኒቶች ድንበር የሆነች ቁጥር ናት፤ ለምሳሌ ደም እንዳይረጋ በሆድ ቆዳ ሥር የሚወጋው ኢኖክሳፓሪን ከ30 በታች ላለ ሰው መጠኑ ይቀነሳል። ስለዚህ ሳያስፈልግ መድኃኒቱ ሊያንስባቸው ይችላል። ከዚህ ሌላ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሲሄዱ በፓስፖርታቸው ላይ ዕድሜ የተጨመረባቸው እኅቶች አሉ። ፓስፖርቱ ለኬላ ነው፤ ሐኪም ፊት ግን እውነተኛው ዕድሜ ይነገር። ዓመቱ በትክክል የማይታወቅ ከሆነም «በግምት ነው» ማለት በቂ ነው፤ ሐኪሙ ስሌቱን በጥንቃቄ ይይዘዋል።

አራተኛው ከጠረጴዛችን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለዚህ ዓምድ የተገባ ነው። የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ ሥጋ በውስጡ ክሬያቲኒን አለው። ብዙ ሥጋ የበላ ሰው ደሙ በማግስቱ ወይም በዚያው ቀን ቢመረመር ቁጥሩ ለጥቂት ሰዓታት ከፍ ሊል ይችላል። በአረፋ ሰሞን የተሰጠ ደም «ኩላሊትህ ደክሟል» ቢል ከመደንገጥ በፊት ሥጋ ቀነስ አድርጎ ደግሞ መመርመር ነው። ለጡንቻ ማዳበሪያ ብለው «ክሬያቲን» የተባለውን ዱቄት የሚወስዱ ወጣቶችም ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ። በተቃራኒው ደግሞ በሕመም ብዛት የከሱ፣ ለወራት አልጋ የያዙ ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች ጡንቻቸው ስላነሰ ክሬያቲኒናቸው ዝቅ ይላል፤ ስሌቱም ኩላሊታቸውን ከሆነው በላይ ያሳምረዋል።

በመጨረሻም፣ ቀመሮቹ ሁሉ የተሠሩት ክሬያቲኒኑ ረግቶ ለቆየ ሰው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው የነበረ ሰው ኩላሊቱ ዛሬ ጧት ሥራውን አቁሞ ሊሆን ይችላል፤ ክሬያቲኒኑ ግን ከፍ ለማለት ቀናት ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ማስያው የሚናገረው የትናንቱን ነው። ሐኪሙ ሽንቱ ስንት ጊዜ እንደመጣ ደጋግሞ ሲጠይቅ የተሰላቹ አስታማሚዎች ምክንያቱ ይህ ነው።

ሁለት ማስያ፣ ሁለት መልስ

እናታችን 34 መሆናቸውን አይተናል። በሌላ ሆስፒታል ወረቀት ላይ ግን «ኢ-ጂ-ኤፍ-አር 49» የሚል ሊያገኙ ይችላሉ። በዚያው ደም፣ በዚያው ክሬያቲኒን! የትኛው ነው ውሸታም?

ሁለቱም አልዋሹም። 49ኙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ በ2021 ከታደሰው «ሲ-ኬ-ዲ ኤፒ» ከተባለው ቀመር ነው። ይህ ቀመር ክብደት አይጠይቅም፤ ውጤቱን የሚሰጠው የሰውነቱ ገጽ 1.73 ካሬ ሜትር ለሆነ ሰው እንደሆነ አድርጎ ነው። እናታችን ግን ቀጭንና ትንሽ ናቸው። የኩላሊት በሽታ የትኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰ ለማወቅና ከዓመት ዓመት ለመከታተል 49ኙ ይጠቅማል። በርካታ የቆዩ መድኃኒቶች መጠን የተወሰነው ደግሞ በኮክሮፍት-ጎልት ስለሆነ ለእነርሱ 34ቱ ይታያል። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን በአንጻሩ በኢ-ጂ-ኤፍ-አር ነው የሚለካው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ከ30 በታች ለሆነ ሰው ሜትፎርሚን አይሰጥም፤ ከ30 እስከ 45 ባለው መካከል አዲስ መጀመር አይመከርም። ስለዚህ ሁለት ወረቀት ቢጣረስብዎ አንዱን ቀድደው አይጣሉ፤ ሁለቱንም ይዘው «ይህ በየትኛው ቀመር ነው?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ሐኪሙን አያስቀይመውም፤ ቢያስቀይመውም ይጠይቁ።

ማስያው «ጥቁር ነህ?» ይጠይቅ የነበረበት ጊዜ

አሁን ቀደም ሲል እንመለስበታለን ወዳልነው ነጥብ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውና እርሱን በ2009 የተካው የኩላሊት ቀመር ዕድሜና ፆታ ብቻ ሳይሆን ታካሚው ጥቁር መሆን አለመሆኑንም ይጠይቁ ነበር። «አዎ» ከተባለ ውጤቱ በመጀመሪያው ወደ 1.2 ገደማ፣ በሁለተኛው ደግሞ በ1.159 ይባዛል። በጥናቶቹ ውስጥ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን በአማካይ ክሬያቲኒናቸው ከፍ ብሎ ስለተገኘ ያንን ለማስተካከል የገባ ቁጥር ነው። በአሜሪካ የቆየ የላቦራቶሪ ወረቀት ያላችሁ ካያችሁት ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ «አፍሪካን አሜሪካን» ለሆነ፣ ሌላው ላልሆነ ተብሎ።

ከሐረር ወይም ከወሎ ሄዶ ዋሽንግተን የገባ ሰው በየትኛው መስመር ይነበብ? ከደሴ የሄደ ቀጭን ሽማግሌ ጡንቻው በቆዳው ቀለም አይጨምርም። ጉዳቱም የወረቀት ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ ኩላሊት ለመተካት በሚጠብቁ ሰዎች ዝርዝር ላይ የጥበቃ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው የኩላሊቱ ስሌት 20 እና ከዚያ በታች ሲሆን ወይም ታካሚው እጥበት ሲጀምር ነው። ውጤቱ 19 የነበረ ሰው «ጥቁር» የሚለው ምልክት ሲደረግበት በ1.159 ተባዝቶ 22 ይሆናል። ስለዚህ ወረፋው አይጀምርለትም። በዚያ ወረፋ አንድ ዓመት ማለት ለብዙ ሰው በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ዓመት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበርና ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን ያቋቋሙት ቡድን ይህ ጥያቄ እንዲወጣ ወሰነ፤ ቀመሩም ዘርን ሳይጠይቅ እንደገና ተሠራ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ደግሞ የንቅለ ተከላ ሆስፒታሎች በዝርዝራቸው ላይ ያሉትን ጥቁር ታካሚዎች መዝገብ ወደኋላ ተመልሰው እንዲያዩና በአሮጌው ቀመር የዘገየባቸውን የጥበቃ ጊዜ እንዲመልሱላቸው ታዘዘ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዓመታት ተጨመሩላቸው። በአሜሪካ የኩላሊት ወረፋ ላይ ያለ ዘመድ ያላችሁ መዝገቡ ታይቶ እንደሆነ ጠይቁለት።

ይህን ታሪክ ያመጣነው በሶፍትዌር ላይ ጥርጣሬ ለመዝራት አይደለም። ማስያው ትክክል ነበር፤ ያባዛውም በትክክል ነው። እንዲያባዛ የታዘዘው ቁጥር ነው ያጠፋው። የፕሮግራሙ ሥራ ራሱ የሚሳሳትበት ጊዜም አለ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2016 የልብና የደም ሥር አደጋን የሚተነብየው «ኪውሪስክ ሁለት» የተባለ ማስያ በአንድ የክሊኒክ ኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ለዓመታት የተሳሳተ ውጤት ሲሰጥ መቆየቱ ተደረሰበት። ቀመሩ ትክክል ሆኖ ሳለ የታካሚውን መረጃ ወደ ቀመሩ የሚያስተላልፈው ፕሮግራም ነበር የተበላሸው። ሐኪሞች ታካሚዎቻቸውን መልሰው እንዲያዩ ተነገራቸው።

ሁሉም ስሌት ስልክ የሚፈልግ እንዳይመስልዎ ደግሞ አንድ ነገር በመሐል እንበል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሕፃኑ ክንድ ላይ የምታጠልቀው ባለቀለም ሜትር ተሰልቶ ያለቀ ስሌት ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን ክንዱ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ቀዩ ላይ ያርፋል፤ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ነው። ባትሪ አያልቅበትም፤ ኔትወርክም አይጠይቅም።

ለረመዳን የሚሰላው ነጥብ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለአንባቢዎቻችን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ማስያ ይቀረናል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በስኳር በሽታና በረመዳን ላይ ከሚሠራው «ዳር» ከተባለው ኅብረት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው መመሪያ ለስኳር ሕመምተኛ ጾሙ ምን ያህል አደጋ እንዳለው የሚያሰላ ነጥብ አውጥቷል። የስኳሩ ዓይነትና የቆየበት ዘመን፣ የሦስት ወሩ የስኳር አማካይ፣ ኢንሱሊን መውሰድና አለመውሰድ፣ ስኳር ወርዶ ያውቅ እንደሆነ፣ ሲወርድ ይታወቀው እንደሆነ፣ እርግዝና፣ የጉልበት ሥራ፣ ያለፈው ረመዳን እንዴት እንዳለፈ፣ የጾሙ ሰዓት ርዝመት ሁሉ ነጥብ ይይዛሉ። ድምሩ እስከ 3 ከሆነ አደጋው ዝቅተኛ፣ ከ3.5 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ6 በላይ ከፍተኛ ይባላል። ከፍተኛ ለሆነ ሰው ምክሩ አለመጾም ነው።

ኩላሊትም የራሱ ነጥብ አለው። ኢ-ጂ-ኤፍ-አር ከ45 እስከ 60 ለሆነ 2 ነጥብ፣ ከ30 እስከ 45 ለሆነ 4 ነጥብ፣ ከ30 በታች ለሆነ ደግሞ 6.5 ነው። ይህ የመጨረሻው ሌላ ምንም ሳይጨመርበት ብቻውን ከፍተኛ አደጋ ውስጥ ያስገባል። 49 የነበሩት እናታችን የስኳር ሕመምተኛ ቢሆኑ በኩላሊት 2 ነጥብ ይይዛሉ። ስኳራቸው ካልተቆጣጠረ፣ ኢንሱሊንም ካለ፣ ሌሎቹ ነጥቦች ተደምረው የት እንደሚያደርሷቸው ያስቡት። ደሙ የተቀዳው በሥጋ ማግስት ቢሆን ከ2 ወደ 4፣ ከዝቅተኛ ወደ መካከለኛ ሊያሻግራቸው ይችላል።

ነጥቡን ራስዎ በስልክዎ አውጥተው፣ በዚያም ተመርተው መድኃኒት እንዳይቀንሱ ወይም እንዳያቆሙ። ሐኪሙ ያሰላዋል፤ ፍርዱን የሚመለከተውን ደግሞ የሐኪሙን ቃል ይዘው ዐሊም ይጠይቃሉ። የእርስዎ ድርሻ ሌላ ነው። የዛሬ ክብደት በኪሎ፤ የልደት ዓመት፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተጽፎ፤ የመጨረሻዎቹ የላቦራቶሪ ወረቀቶች ራሳቸው፤ የሚወሰዱት መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው፣ ከፋርማሲ ለወገብና ለጉልበት ሕመም የተገዛውን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨምሮ። እነዚህ ሁለቱ የደከመ ኩላሊትን የሚጎዱ ሲሆኑ «ማስታገሻ ነው» ተብለው የማይጠቀሱ ናቸው። እነዚህን በአንድ ፌስታል አድርገው ይያዙ።

መመሪያው ይህ ግምገማ ረመዳን ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲሠራ ይመክራል። በኛ አቆጣጠር ከረጀብ መግቢያ እስከ አጋማሹ ማለት ነው። በሻዕባን መጨረሻ የመጣ ታካሚ ነጥቡ ቢወጣለትም የተቀየረው መድኃኒት እንደተስማማው ሞክሮ ለማየት ሐኪሙ ቀን አይተርፈውም።